ለሺህ በር የላክሁት ካርድ

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር ሻንጣዬን እየዳበሰች ስታዘጋጅ አደረች። ሻንጣው ውስጥ ከእኔ ልብስ ይልቅ የወንድሜ የሰይድ ስንቅ ይበዛ ነበር። ሁለት ፌስታል በሶ፣ አንድ ፌስታል በርበሬ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ።

«ለእኔስ ምን አስቀመጥሽልኝ?» ብላት፣

«አንተማ ዛሬም ከእጄ በላህ። እሱ ከእጄ ሳይበላ ስምንት ዓመቱ ነው» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ክላክሱን ነፋ። እናቴ እጇን ዘርግታ «ወንድምህ የሚልህን ስማ፣ እዚያ አባትህ እሱ ነው» አለችና ረጅም ምርቃት መረቀች። ስትመርቅ ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ እኔ አልነበረም፤ አጠገቤ ወደቆመው የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ልጁ ምን ያድርግ፣ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» አለ። እኔም ከኋላው «አሚን» አልኩ። እንዲህ ተመርቄ ወጣሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩ በዓመቱ ነው የአሜሪካ ዕጣ የደረሰኝ። ፎርሙን የሞላልኝ ሰይድ ነው። እሱ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሞላ ነበር፤ የደረሰው ግን ለእኔ ነው።

ዳላስ ኤርፖርት ላይ አንድ መኮንን በሶውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ ምንድነው?»

«በሶ።»

«በሶ ምንድነው?»

«ዱቄት። ገብስ። የሚበላ።»

«የሚበላ ከሆነ ብላው።»

ከፌስታሉ ዘግኜ ደረቁን ቃምኩት። ጉሮሮዬን ዘጋኝና ሳል ጀመረኝ፤ ዱቄቱ ከአፌ እየተነነ ወጣ። መኮንኑ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ስንት ጊዜ ልትቆይ ነው?» አለኝ። «ለመኖር ነው የመጣሁት» አልኩት። በሶውን አየ፣ እኔን አየ፣ «በዚህ?» አለና አሳለፈኝ።

ሰይድ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ታሪኩን ስነግረው እስኪያነባ ሳቀ። «እኔንም ሽሮ አስቅመውኛል። በል ና፣ አሁን ዜጋ ሆነሃል» አለኝ።

የደረስኩት ሰኔ ላይ ነው። ዳላስ እንደ ባቲ ሆኖ ጠበቀኝ። ልዩነቱ፣ ባቲ ሲሞቅ ሰው ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ ጨዋታ ይጀምራል። እዚህ ሲሞቅ ሰው ይጠፋል። ዳላስ ዳር፣ ካሮልተን፣ ከሰይድ ጋር የምንኖርበት አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ሳምንት ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት የኤሲ ድምፅ ብቻ ነው።

ሰይድ የጋራዥ በር ጠጋኝ ነበር። አገር ቤት ላላችሁ ይህን ሥራ ላስረዳችሁ። እዚህ ቤት ሁሉ መኪና የሚገባበት ትልቅ በር አለው። ሰዎቹ የሚወጡትም የሚገቡትም በዚያ ነው። ዋናው በር ለእንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ የለም። ትልቁ በር እንደ ግድግዳ ይከብዳል፤ የሚያነሳው ከላይ የተጠመጠመ ሞላ ነው። ሞላው የተበጠሰ ቀን እንደ ጥይት ይጮሃል፣ መኪናውም ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አንዲት ሴትዮ ተኩስ ነው ብላ ለፖሊስ ደውላ ነበር። ፖሊሱ መጥቶ አየና ለሰይድ ደወለለት።

ፖሊሱ ቁጥሩን ያገኘው ሴትዮዋ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ካርድ ነው። የሰይድ ብልሃት ያ ካርድ ነበር።

ሰይድ ዋይሊ የሚባለውን ከተማ መርጦ ነበር። አዳዲስ ቤቶች ናቸው፣ አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ተቋራጭ፣ በአንድ ዓይነት ሞላ የተሠራ። መንገዶቹ ሁሉ በዛፍ ስም ይጠራሉ፣ ዛፎቹ ግን ከእኔ ያጥራሉ። «ሶ፣ ስማኝ ኑሩ» ይለኝ ነበር መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ «ሞላ እንደ ሰው ነው። እኩዮቹ አብረውት ያረጃሉ። የዚህ ቤት ከተበጠሰ የጎረቤቱም ደርሷል።» ስለዚህ አንድ ቤት በሠራ ቁጥር በዙሪያው ላሉት ቤቶች ሁሉ በፖስታ ቢጫ ካርድ ይልካል። ካርዱ ላይ ፎቶው አለ፤ እጁን አጣጥፎ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ከስሩ ሙሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ «በዚህ ሳምንት ጎረቤትዎ ዘንድ ነበርኩ» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በትንንሹ፣ «ቤትዎ ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ።»

«ጫማው ምን ያደርጋል?» አልኩት አንድ ቀን።

«እሱ ነው የሚያስደውላቸው። ሞላውን ማንም ይሠራል» አለኝ።

አገራችን ቢሆን ካርድ አያስፈልግም። በርህ ሲሠራ ጎረቤት አይቶ «ማን ሠራልህ?» ይላል፣ ወሬው በቃ ይሄዳል። እዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠይቅም። ጎረቤት የሚሠራውን ካርዱ ይሠራል ማለት ነው። ሕጉም ሦስት ጊዜ መላክ ነው፤ ቀለሙም ፎቶውም ሳይለወጥ። ሰይድ እንዲህ ይል ነበር፦ «መጀመሪያ ሳያዩህ ይጥሉሃል። ሁለተኛ አይተው ይጥሉሃል። በሦስተኛው ይለጥፉሃል።»

የእኔ ሥራ ካርዱን ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ በየመንገዱ መለየትና በላስቲክ ማሰር ነበር። ቀን ቀን አብሬው እየሄድኩ መሰላል እይዛለሁ። ቀስ በቀስ ሞላ መጠምጠም አስተማረኝ። ለአንድ የዋይሊ ሰፈር፣ ሺህ ያህል ቤት ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ ልከን ሦስተኛው ይቀረን ነበር።

ሁለተኛው ካርድ በተላከ በሳምንቱ ሰይድ ሞተ። ሀይዌይ ዳር አቁሞ፣ የላላ መሰላል መልሶ ሊያስር ወርዶ ነበር። መኪና መታው። ከዚህ ሌላ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፣ ከዚህ አያልፍልኝም። የኛ ሰዎች ተሰብስበው በወጉ ቀበሩት። አላህ ይዘንለት።

የዚያኑ ሰሞን እናቴን ደሴ ወስደው የአንድ ዓይኗን ሞራ ገፈውላታል። ሁለተኛው በሁለት ወሩ ሊሠራ ነው። ሐኪሙ እንዳታጎነብስ፣ እንዳታለቅስ አስጠንቅቋታል፤ ሶላቷን እንኳን ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው። ለአጎቴ ለይማም ደውዬ የሰይድን ሞት ነገርኩት። «ሁለቱም ዓይኗ እስኪጠግግ አፍህን ዝጋ» አለኝ። «ዓይኗ ሲድን ሽማግሌ ይዤ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄጄ፣ አስቀምጬ እነግራታለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እንደ ደንቡ ነው።» እኔም እሺ አልኩ። ደንቡን ማን ያጣዋል።

እናቴ በየጁምዓው ትደውላለች።

«ሰይድስ?»

«ሥራ ላይ ነው እማ።»

«በጁምዓ?»

«እዚህ በጁምዓም ይሠራል።»

«ፎቶውን ላኩልኝ። አንዱ ዓይኔ እኮ አሁን ያያል። ትናንት የጎረቤትን ዶሮ ከሩቅ ለየሁ።»

«እልካለሁ እማ።»

ስልኩን ዘጋሁት። አፓርትመንቱ በሰይድ ስም ስለነበር ልለቅ ብዬ ወደ ግቢው ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ ፋይሉን ገልጣ እያየች፣

«ኮንትራቱን የፈረመው እሱ ነው። ለመልቀቅ የስልሳ ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት» አለችኝ።

«ሞቷል እኮ።»

«በጣም አዝናለሁ። ማስታወቂያ ግን አልሰጠም።»

«አልሰጠም። ሳያስታውቅ ነው የሞተው።»

«እንግዲያው ቀኑ ዛሬ ይጀምራል» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። የሚፈርም ሰው ስም የሚለው ላይ የሰይድን ስም ቀድማ ጽፋዋለች። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

የሰይድን ስልክ መዝጋት አልቻልኩም። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው፣ የምኖረውም ከዚያ በሚመጣ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከዋይሊ ተደውሎ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት አንድ ሽማግሌ ካርዱን በእጃቸው ይዘዋል። ካርዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንተ እሱ አይደለህም» አሉ።

«ወንድሙ ነኝ።»

«እሱስ የት አለ?»

«ሥራ ላይ ነው» አልኩ። አፌ ለምዶት ነው።

«ይህም ሥራ ነው» አሉና በሩን ዘጉት።

መኪና ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። ለእናቴ የምዋሸው ለዓይኗ ነው። ለዚህ ሰውዬ የዋሸሁት ለምንድነው? ሦስተኛውን ካርድ ብልክ ደግሞ የሞተ ወንድሜን እያሳቅኩ ሺህ በር ላይ ላቆመው ነው። ኮምቦልቻ አንድ ሰው ሲሞት የዕድር ጥሩምባ ይነፋል፣ በየሰፈሩ ይለፈፋል። ያላስለፈፈ ቤተሰብ ሬሳ እንደደበቀ ይቆጠራል። ለሰይድ ጥሩምባ አልተነፋለትም። በአገሩ እንዳይለፈፍ እኛው ዘጋነው። በዚህ አገር ደግሞ እኔ የማውቀው በር የዋይሊ በር ብቻ ነው።

ካርዱን የምታትምልን ዶና ትባላለች፣ ሱቋ ቤድፎርድ የሚባል ከተማ ነው። ሰይድን ትወደው ነበር። የጻፍኩትን አነበበች፣ እንግሊዝኛዬን አቃናች፣ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ጽሑፉ እንዲህ ነበር፦ «የዋይሊ ጎረቤቶች፣ በራችሁን ይሠራ የነበረው ሰይድ አርፏል። እኔ ኑሩ ታናሽ ወንድሙ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስልኩ ያው ነው፣ ጫማዬንም አወልቃለሁ።»

«የኔ ልጅ፣ ሞት በካርድ አይሸጥም» አለችኝ።

«እየሸጥኩት አይደለም። እየነገርኳቸው ነው።»

«አያውቁትም እኮ።»

«ሁለት ጊዜ ልከንላቸዋል።»

ዶና መነጽሯን መልሳ አደረገች። «እሺ፣ ቀለሙ ግን ቢጫው ይሁን፣ ፎቶውና ሙሉ ስሙም አይነኩ። ሕጉን አንተም ታውቃለህ» አለች።

«ቢጫ ይሁን። ዳር ዳሩ ጥቁር ይሁን።»

«ቢጫና ጥቁር? ንብ ሊመስል ነው። ንብ አባራሪ ነህ ብለው ይደውሉልሃል።»

ሳቅን፣ ሁለታችንም። ከሰይድ ቀብር ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ እሷ ጥቁሩን ዳር ራሷ አሰመረችው። ሺህ ካርድ ለይቼ አስሬ ፖስታ ቤት ስሰጥ ትከሻዬ የቀለለኝ መሰለኝ። አገሩ ባይሆንም ተለፈፈለት አልኩ።

ይህን ያደረግኩት ለፈረንጅ ነው ብዬ ነው። በዚያ ሰፈር የኛ ሰው አንድም አይቼ አላውቅም። ካርዱ የሰው ስም የለበትም፣ «ለነዋሪው» ብቻ ነው የሚለው። ነዋሪው ማን እንደሆነ የጠየቅኩ ሰው አይደለሁም።

በሁለተኛው ቀን መደወል ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ከዝርዝሩ ሰርዘኝ አለ። ሁለተኛዋ ሪሞቷ እምቢ ብሏት ነው፤ ስለ ሰይድ ምንም አላለች። ሦስተኛው፣ ዶና አትስማ እንጂ፣ ጣሪያዬ ስር ንብ አለ አለኝ። አንዲት ሴት ብቻ ቀጠሮ ከያዘች በኋላ «ለወንድምህ አዝናለሁ» ብላ ቶሎ ዘጋችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አማርኛ ነው።

«ሀሎ፣ የሰይድ ወንድም ነህ? አላህ ያጥናህ ወንድሜ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ። ዘይነባ እባላለሁ። ነርስ ነኝ፣ አሁን ከናይት ሺፍት መግባቴ ነው። ዋይሊ ነው ቤቴ። ማለቴ፣ ካርዱን ልጥለው ነበር፣ ፎቶውን ሳይ ቀጥ አልኩ። ይኼማ የኛ ልጅ ነው አልኩ። ትናንት ለአክስቴ ኮል አደረግኩላት፣ ኮምቦልቻ ናት። ስሙን ከነአባቱ ስጠራላት ጮኸች። የፋጡማ ልጅ ነው፣ የሚጦራትና የሚያሳክማት እሱ ነው አለችኝ።»

ፋጡማ እናቴ ናት።

«እህቴ፣ አክስትሽ ለማን ነገረች?» አልኳት።

«ለማን ትነግራለች፣ ለዕድሯ ሰዎች ነዋ። እስካሁን ሳንደርስላት ብለው አፍረዋል። ዛሬ ከአስር ሶላት በፊት ልቅሶ እንደርሳለን ብላኛለች። አሁን እየሄዱ ይሆናሉ። ምነው?»

«እናቴ አልሰማችም።»

 «ያ ረቢ!» አለች፣ «በካርድ አትመህ ለየቤቱ ካወጣኸው ቤተሰቡ ያልሰማ ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? እንዴት?»

እውነቷን ነው።

ለአጎቴ ለይማም ደወልኩ። የደወልኩለት ደንበኛ ሊገኝ አልቻለም። ደግሜ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። በእናቴ ቤት ስልክ ብደውል የምታነሳው እሷ ናት፤ ምን ልላት ነው፣ በርሽን ዝጊ ልበላት? ስድስት ይሁን ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አጎቴ አነሳው።

«አጎቴ፣ ቶሎ እናቴ ጋ ሂድ፣ ሴቶች እየመጡ...»

«እዚያው ነኝ» አለ። «ደርሰዋል።» ከኋላው የልቅሶው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሊያገናኙኝ ሲሞክሩ ስልኩን አልያዝም አለች። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም እያልኩ አላስለቅሳችሁም። በአራተኛው ቀን ስልኩን ተቀበለች። ልቅሶው አልተነሳም፤ ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ አለ።

«ኑሩ» አለችኝ።

«አቤት እማ።»

«ከሩቅ አየኋቸው። እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሲመጡ። ዱሮ ቢሆን አላይም ነበር። የእነዚህ ሰዎች ማን ሞተባቸው ብዬ ላጽናናቸው ወጣሁ። እኔ ነኝ ቀድሜ 'አላህ ያጥናችሁ' ያልኳቸው።»



«ዓይንሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ቀይ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ሁለተኛውን አሁን አልነካም ብሏል። ተወው እሱን። ዘይነባ የምትባለዋ ልጅ ለአክስቷ ነግራለች። ለሺህ ቤት ነው አሉ የነገርከው።»

«አዎ እማ።»

«ለሺህ በር ነግረህ የእኔን በር ዘለልከው።»

«አጎቴ ስለ ዓይንሽ ብሎ ነው። እኔም ስለ ዓይንሽ ብዬ ነው። ሥራ ላይ ነው እያልኩ የዋሸሁሽን... እማ፣ ከእንግዲህ አልዋሽሽም። ወላሂ አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

ከኋላዋ ሴቶቹ ዝም ያሉ መሰለኝ፤ እየሰሙን ነበር ማለት ነው። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ዱሮ ገበያ ስትልከኝ በምትጠይቀኝ ድምፅ፣

«እና ሲሰሙ መጡ?» አለችኝ።

«እነማን?»

«ሺህ ቤት ነግረሃል። ሰው ሞተብኝ ሲባል ዝም የሚል ጎረቤት የለም። ስንት ሰው መጣ ለልጄ?»

ከአፓርትመንቱ መስኮት ግቢው ይታያል። መኪናዎቹ በሙቀቱ ውስጥ ተደርድረዋል። ሰው የለም። የመሐላዬ ቃል ገና ከአፌ አልደረቀም ነበር።

«ብዙ ሰው መጣ እማ» አልኳት። «ግቢው አልበቃም።»

እናቴ ፊቷን ከስልኩ ስታዞር ሰማሁ። «ብዙ ሰው መጥቷል ይላል» አለቻቸው፣ «ፈረንጆቹ ግቢ ሞልተው ወጡለት።» ሴቶቹ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። አንዷ ምን እንዳበሉን ጠየቀች። እናቴ ጥያቄውን ወደ እኔ አስተላለፈችው፤ እኔም ማሰብ ጀመርኩ።